ሳሎን ያለው ኮምፒውተር ቶሎ እንዲነሳ ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ጅማ ውስጥ አንድ ጎረቤቴ ጠሩኝና «ልጄ፣ ይሄ ነገር አርጅቷል መሰለኝ። ልጆቹ ፊልም ሊያዩ ከፍተውት ቡናው ተቆልቶ ሊወቀጥ ነው፣ እሱ ገና ይሽከረከራል። ራም ልጨምርበት ወይ?» አሉኝ። ከቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠ ዴስክቶፕ ነው። በስልኬ ስለካው ለመነሳት 4 ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ቀረው።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ዲስኩን ሳያዩ ራም (ኮምፒውተሩ በርቶ ሲሠራ ብቻ የሚይዝ ጊዜያዊ ማስታወሻ) መግዛት። ኮምፒውተር ሲነሳ ዋናው ሥራው ብዙ ሺህ ትናንሽ ፋይሎችን ከዲስክ እየለቀመ ማንበብ ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ የሚዞር ሳህን አለ፤ አንባቢው ክንድ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው ለመድረስ በየጊዜው 10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ትንሽ ይመስላል፤ 10 ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ግን 100 ሰከንድ ይሆናል። ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው ሌላ ዓይነት ዲስክ ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ይህ ሁሉ ጥበቃ የለበትም። 8 ጊጋ ራም ካለዎት ገንዘብዎን ለኤስ ኤስ ዲ ያውሉት። 240 ጊጋው ለዊንዶውስ ከበቂ በላይ ነው፤ ፊልሞቹ በድሮው ዲስክ ላይ ይቆዩ።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው እንደ ስህተት አይቆጥረውም፤ ኮምፒውተሩን ሳይዘጉ ከማከፋፈያው ላይ ቀጥታ ማጥፋት። ዊንዶውስ እንዲህ ሲቋረጥ ፋይል ሊበላሽበት ይችላል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ዲስኩን ልመርምር ብሎ ያስጠብቃል። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ያለው ፈጣን አነሳስ የሚሠራው በአግባቡ ሲዘጋ ብቻ ነው፤ ለነገ የሚያስፈልገውን ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠው ያኔ ነውና። ክረምት ላይ ነጎድጓዱ ሲበረታ መብራቱ በራሱ ይሄዳል፤ እኛ በየማታው ልንደግመው አይገባም። ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) 10 ደቂቃ እንኳ ቢይዝ ለመዝጋት ይበቃል።

የጎረቤቴን ኮምፒውተር ከግድግዳው ሶኬት ነቅዬ ሳጥኑን ስከፍተው ግን ሌላም ነገር አገኘሁ። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ሳንቲም የምታክል ክብ ባትሪ አለች፤ ሲ አር 2032 ይላል ጀርባዋ። 3 ቮልት መስጠት ሲገባት በመለኪያ 1.9 አሳየች። ይህች ባትሪ ስትደክም መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑንም የባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ፕሮግራም) ማስተካከያውንም ይረሳል፤ ሲበራም ጥቁር ስክሪን ላይ ኤፍ 1 ተጫኑ ብሎ ይቆማል። እሳቸው ቤት ደግሞ ኪቦርዱ የሚቀመጠው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ልጆቹ ከሚጠብቁት ጊዜ ጥሩ ድርሻ ያለው እሱን አምጥቶ እስኪሰካ የሚያልፈው ነበር። ሌላ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት እባክዎ ይህቺን ባትሪ ይዩ፤ ከሁሉም ርካሿ እሷ ናት።

ባትሪዋን ቀይረው ቀኑን ለማስተካከል ባዮስ ውስጥ ከገቡ አይቀር የአነሳስ ቅደም ተከተሉን ይመልከቱ። ኔትወርክ ወይም ፍላሽ ቀድሞ ከተቀመጠ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ እነሱን ሲፈልግ ይቆያል። ዊንዶውስ ያለበትን ዲስክ አንደኛ ያድርጉት።

«ኮምፒውተር አፍጣኝ» የሚባሉ ፕሮግራሞችን አይጫኑ። አብዛኞቹ ራሳቸው አብረው እየተነሱ ጭነት ይሆናሉ። የሚሻለው ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኖ ታስክ ማኔጀርን መክፈትና ስታርትአፕ ከሚለው ሥር የማያስፈልጉትን ማጥፋት ነው። አንቲቫይረሱን ብቻ አይንኩት። ኤስ ኤስ ዲን ዲፍራግ ማድረግም (የተበታተኑ የፋይል ክፍሎችን አንድ ላይ መሰብሰብ) ጥቅም የለውም፤ ያለ ምክንያት ያደክመዋል።

ኮዲ የሚባለውን የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ሰዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ሲነሳ የፊልም ዝርዝሩን እንዲያድስ የሚያዘው ማስተካከያ በርቶ ከሆነ ኮዲ በተከፈተ ቁጥር ያንን ሁሉ ፎልደር መፈተሽ ይጀምራል። ያጥፉትና አዲስ ፊልም ሲያስገቡ ብቻ በእጅ ያሳድሱት።

በየቀኑ ለሚከፈት ኮምፒውተር ከመዝጋት ይልቅ ስሊፕ (ማስተኛት) ጥሩ ነው የሚሉ አሉ። መብራት ለማይሄድበት ቤት እውነት ነው፤ ስሊፕ የተከፈተውን ሁሉ ራም ላይ ስለሚይዝ ኃይል ሲቋረጥ ይጠፋል። እኛ ጋ ሃይበርኔት ይሻላል፤ ዲስክ ላይ ስለሚጽፈው ሌሊት መብራት ሄዶ ቢያድርም ጠዋት ካቆሙበት ይቀጥላል።