ዲስክ ሲበላሽ ዳታው አብሮ እንዳይሄድ፦ ሬይድ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ ሬይድ (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ ስለሚያሠራው ዘዴ) ባቀረቡት ጽሑፍ በአንድ ውድ ዲስክ ፋንታ ብዙ ርካሽ ዲስኮችን አቀናጅቶ መጠቀምን ሐሳብ አቀረቡ። ዲስክ ሲበዛ ብልሽትም ስለሚበዛ፣ ከዳታው ጋር ትርፍ መረጃ አብሮ እንዲቀመጥ አደረጉ። ሬይድ ባለው ሰርቨር ላይ ዳታ ሲጠፋ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዲስኩ ብቻ አይደለም። ቀድሞ የታለፈ ነገር ወይም ዲስኩ በሚቀየርበት ቀን የተሠራ ስህተት ይኖራል።

ሬይድን እንደ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) መቁጠር

በሬይድ 1 ሁለት ዲስኮች ላይ የሚጻፈው አንድ ዓይነት ነው። በስህተት የተሰረዘ ፋይል በዚያው ቅጽበት ከሁለቱም ይሰረዛል፤ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስም ሁለቱንም ይቆልፋል። ሌባ ሰርቨሩን ሲወስድ ደግሞ ዲስኮቹን ለይቶ አይተውም። ስለዚህ የዳታው ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቢሮው ውጭ ይሁን። በየወሩም ጥቂት ፋይሎችን ከባክአፑ መልሰው ይክፈቱ፤ ተመልሶ ያልተሞከረ ባክአፕ አለ አይባልም።

በትላልቅ ዲስኮች ሬይድ 5 መሥራት

ባለ 12 ቴራባይት አራት ዲስኮች በሬይድ 5 የ36 ቴራባይት ቦታ ይሰጣሉ፤ የአንድ ዲስክ ያህሉ ቦታ ፓሪቲ ለሚባለው፣ የጠፋው ዳታ ለሚሰላበት ትርፍ መረጃ ይውላል። አንዱ ሲበላሽ ምትኩን ለመሙላት የቀሩት ሦስቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ መነበብ አለባቸው። የብዙ ዴስክቶፕ ዲስኮች መግለጫ ደግሞ በ100 ትሪሊዮን ቢት ንባብ ውስጥ አንድ የማይነበብ ሴክተር (ትንሽ የዲስክ ክፍል) ሊያጋጥም እንደሚችል ይናገራል፤ ይህም 12.5 ቴራባይት ገደማ ነው። መግለጫው የከፋውን ታሳቢ ያደረገ ነው፤ ሆኖም አንድ ዲስክ ጎድሎ ሳለ እንዲህ ያለ ሴክተር ከተገኘ ሬይድ 5 የጠፋውን የሚያሰላበት ምንጭ አይኖረውም። ጊዜውም ረጅም ነው፦ 12 ቴራባይት በሰከንድ 200 ሜጋባይት ሲጻፍ 17 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ሠራተኛው ሰርቨሩን እየተጠቀመበት ከሆነ ደግሞ ቀናት። ያን ሁሉ ጊዜ ሁለተኛ ዲስክ ቢወድቅ አለቀ። በእነዚሁ አራት ዲስኮች ሬይድ 6 ይሥሩ፤ ቦታው ወደ 24 ቴራባይት ይወርዳል፣ ግን የትኞቹም ሁለት ቢበላሹ ዳታው ይተርፋል።

ያገኙትን ዲስክ መግዛት

ተራ የዴስክቶፕ ዲስክ መጥፎ ሴክተር ሲያገኝ አንብቤ ካልጨረስኩ ብሎ አንዳንዴ ከደቂቃ በላይ ይታገላል። ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው ኮንትሮለር ያን ያህል ስለማይጠብቅ ዲስኩ ሞቷል ብሎ ያስወጣዋል። ለሬይድ የተሠሩት 7 ሰከንድ ገደማ ሞክረው ስህተቱን ያሳውቃሉ። ኤስኤምአር የሚባሉትንም ይተዉ፤ ዳታ የሚጻፍባቸው ትራኮች (መስመሮች) እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለተደራረቡ፣ ረጅም ጽሕፈት ሲመጣ ፍጥነታቸው በጣም ይወርዳል።

ካልጮኸ ደህና ነው ማለት

አንድ ዲስክ የጎደለው ሬይድ ሥራውን ስለሚቀጥል ማንም ላያስተውለው ይችላል። በሊኑክስ ኤምዲስታት የሚባለውን ፋይል ሲከፍቱ ደህና ዲስክ ሁሉ በ«ዩ» (U) ፊደል ይታያል፤ አራት ዩ መሆን ሲገባው «ዩዩ_ዩ» ካዩ ሦስተኛው ቦታ ባዶ ነው። ይህን በዓይን ከመጠበቅ በኢሜይል እንዲያሳውቅ ያድርጉ። ዲስኩ ስለ ጤንነቱ ከሚመዘግባቸው የስማርት መረጃዎች ውስጥ መጥፎ ሴክተሮችን የሚቆጥሩትን ቁጥር 5ን፣ 197ንና 198ን ይከታተሉ፤ እየጨመሩ ከሄዱ እስኪሞት አይጠብቁ፣ ይቀይሩት። በወር አንድ ጊዜም ሙሉ ፍተሻ ይካሄድ፤ ለዓመት ያልተነካ ፋይል የተቀመጠበት ሴክተር መበላሸቱ የሚታወቀው ሲነበብ ብቻ ነው።

መብራትን መርሳት

በሬይድ 5 ዳታው ተጽፎ ፓሪቲው ሳይጻፍ መብራት ከሄደ ሁለቱ አይጣጣሙም፤ ጉዳቱም የሚወጣው ሌላ ቀን ዲስክ ሲበላሽ ነው። ዩፒኤሱን (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየውን መሣሪያ) በዩኤስቢ ገመድ ከሰርቨሩ ጋር ያገናኙት፤ ባትሪው ሳያልቅ ሰርቨሩን በሥርዓት ያጠፋዋል።

ደህናውን ዲስክ መንቀል

ከሁሉም የሚያሳዝነው ይሄ ነው። ሊኑክስ ለዲስኮች የሚሰጣቸው ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ የሚባሉት ስሞች ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ ሊለዋወጡ ስለሚችሉ በስማቸው ወይም በመደዳቸው አይመኑ። ገና ሁሉም ደህና እያሉ የእያንዳንዱን ሲሪያል ቁጥር መጨረሻ አራት አሃዞች በፕላስተር ላይ ጽፈው በመያዣው ፊት ላይ ይለጥፉ። ዲስኩ በሚቀየርበት ቀን ቅደም ተከተሉ ደግሞ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ባክአፑ የዛሬ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የተበላሸውን በትእዛዝ ከሬይዱ ያስወጡ፤ ከዚያ ይንቀሉና ሲሪያሉን ያመሳክሩ። አዲሱ በባይት ከአሮጌው እንዳያንስ ይዩ፤ ሁለቱም «4 ቴራባይት» ቢሉም ትንሽ ያነሰውን ሬይዱ አይቀበለውም። ሪቢልዱ (አዲሱን ዲስክ መሙላቱ) ሳያልቅ ሰርቨሩን አያጥፉ።

ሁለት ዲስኮች በአንድ ጊዜ ከጠፉ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሞተው ዲስኩ ሳይሆን ገመዱ፣ ፓወር ሰፕላዩ ወይም ኮንትሮለሩ ነው። በድንጋጤ አዲስ ሬይድ ፍጠር ወይም ኢኒሺያላይዝ የሚለውን አይጫኑ፤ ሊተርፍ ይችል የነበረው ዳታ ላዩ ላይ ይጻፍበታል። ሰርቨሩን ያጥፉ፣ ገመዶቹን ይፈትሹ። ካልተመለሱ እያንዳንዱን ዲስክ ዲዲሬስኪው በሚባል የቅጂ ፕሮግራም ወደ ሌላ ዲስክ ይቅዱና ሙከራውን ሁሉ በቅጂው ላይ ያድርጉ።