በኦራክል ፕሮሲጀር ውስጥ ስህተትን እንዴት መያዝ ይቻላል

በኦራክል ዳታቤዝ ፕሮሲጀር (በስም ተጠርቶ የሚሠራ የትእዛዞች ስብስብ) ሲጻፍ ኤክሴፕሽን፣ ማለትም የስህተት አያያዝ፣ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ይታወስና «ዌን አዘርስ ዜን ነል» በምትል መስመር ይዘጋል። መስመሯ ማንኛውንም ስህተት ውጣ ዝም ትላለች። ፕሮሲጀሩን የጠራው ፕሮግራም ሥራው የተሳካ ይመስለዋል፤ ሰንጠረዡ ላይ ግን የተጻፈው ግማሹ ብቻ ሊሆን ይችላል። ደንቡ አንድ ነው፦ መፍትሔውን የምታውቁትን ስህተት ብቻ ያዙ፤ የቀረው ወደ ጠሪው ይሂድ።

ከአንድ ሂሳብ ቀንሶ ወደ ሌላ የሚጨምር ፕሮሲጀር በፒኤል ኤስኪውኤል (በኦራክል የፕሮግራም ቋንቋ) እንጽፋለን እንበል።

1. ምን ሊበላሽ እንደሚችል ለዩ። የላኪውን ቀሪ ሂሳብ በሴሌክት ኢንቱ (የተነበበውን ወደ ተለዋዋጭ በሚያስገባው ትእዛዝ) ስታነቡ ረድፉ ከሌለ «ኖ ዳታ ፋውንድ» ይነሳል፤ ቁጥሩ ኦአርኤ-01403 ነው። ከአንድ በላይ ረድፍ ከተገኘ «ቱ ሜኒ ሮውስ»፣ ኦአርኤ-01422 ይሆናል። ሰም (ድምር) ወይም ካውንት (ቆጠራ) የሚጠቀም ሴሌክት ግን ግሩፕ ባይ (በቡድን መክፈያ) እስከሌለው ድረስ ሁልጊዜ አንድ ረድፍ ስለሚመልስ «ኖ ዳታ ፋውንድ» አትጠብቁ። ረድፍ የሚለውጠው ትእዛዝ፣ አፕዴትም፣ የሚነካው ረድፍ ቢያጣ ቅር አይለውም፤ ምንም ስህተት ሳያነሳ ያልፋል። ገንዘቡ ከላኪው ወጥቶ የትም ሳይደርስ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ አፕዴት በኋላ የተነኩትን ረድፎች ብዛት የሚሰጠውን «ኤስኪውኤል ሮውካውንት»ን አይታችሁ ዜሮ ከሆነ ራሳችሁ ስህተት አንሱ።

ፖስትግሬስ በሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ሴሌክት ኢንቱ ራሱ «ስትሪክት» ካልተጨመረበት ረድፍ ሲያጣ ዝም ብሎ ነል (ባዶ ዋጋ) ይሰጣል። ከኦራክል የመጣ ሰው ይህን ልብ ይበል።

2. የራሳችሁን ስህተት በቁጥር አንሱ። ስህተት የሚያነሳው ትእዛዝ፣ «ሬይዝ አፕሊኬሽን ኤረር»፣ ከ-20000 እስከ -20999 ያሉትን ቁጥሮች ይቀበላል። መልእክቱ ውስጥ የሂሳብ ቁጥሩንና የተጠየቀውን መጠን ጨምሩ፤ «ስህተት ተፈጥሯል» የሚል መልእክት ማንንም አይረዳም። ስም ያልተሰጠውን የኦራክል ስህተት፣ ለምሳሌ የዴድሎክን (ሁለት ሥራዎች አንዱ የሌላውን መልቀቅ እየጠበቁ የሚቆላለፉበትን) ኦአርኤ-00060፣ በስሙ ለመያዝ ከፈለጋችሁ ከቢጊን በፊት ባለው የማወጃ ክፍል (ዲክሌር) ውስጥ ኤክሴፕሽን ሰይማችሁ «ፕራግማ ኤክሴፕሽን ኢኒት» በሚለው ከ-60 ጋር እሰሩት።

3. መያዣውን በትክክለኛው ቦታ አኑሩ። የኤክሴፕሽን ክፍል የሚይዘው ከቢጊን በኋላ የተነሳውን ነው። 5 ፊደል ለሚይዝ ተለዋዋጭ ዲክሌር ውስጥ 6 ፊደል ብትሰጡት ስህተቱ በዚያው ብሎክ አይያዝም፤ ወደ ውጭኛው ይወጣል። መነሻ ዋጋው ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ከቢጊን በኋላ ስጡት። በሉፕ ውስጥ አንድ ረድፍ ሲበላሽ ሌሎቹ እንዲቀጥሉ ካስፈለገ ደግሞ የሉፑን ሆድ በራሱ ቢጊንና ኤንድ ክበቡት።

4. የተጀመረውን ሥራ መልሱ። ኦራክል ላይ ስህተትን መያዝ ብቻውን ከዚያ በፊት የተሠራውን አይሽርም፤ የሚሻረው ያልተሳካው ትእዛዝ ብቻ ነው። የመጀመሪያው አፕዴት ተሳክቶ ሁለተኛው ከወደቀ ቅናሹ እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ ቢጊን ላይ ሴቭፖይንት (የመመለሻ ምልክት) አስቀምጡና መያዣው ውስጥ ወደዚያ ሮልባክ አድርጉ፣ ማለትም ከምልክቱ በኋላ የተሠራውን ሻሩ። ፖስትግሬስ የኤክሴፕሽን ክፍል ያለውን ብሎክ እንደ ንኡስ ትራንዛክሽን (በአንድነት የሚጸድቅ ወይም የሚሻር ሥራ) ስለሚያየው ስህተቱ ሲያዝ የብሎኩን ለውጥ ራሱ ይመልሳል። ይህ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ያለምክንያት በሉፕ ውስጥ ሲደጋገም ፍጥነት ይቀንሳል።

5. «አዘርስ»ን ለመመዝገብና መልሶ ለማንሳት ብቻ ተጠቀሙ። መዝጋቢው «ፕራግማ አውቶኖመስ ትራንዛክሽን» ያለው፣ የራሱን ኮሚት የሚያደርግ (ለውጡን ለብቻው የሚያጸድቅ) ሌላ ፕሮሲጀር ይሁን፤ አለበለዚያ ሮልባኩ መዝገቡንም አብሮ ያጠፋዋል። የስህተቱን ቁጥርና መልእክት የሚሰጡት «ኤስኪውኤል ኮድ»ና «ኤስኪውኤል ኤረር ኤም» ኢንሰርት (ረድፍ ማስገቢያ ትእዛዝ) ውስጥ በቀጥታ አይገቡም፤ መጀመሪያ ወደ ተለዋዋጭ ቅዷቸው። ስህተቱ የተነሳበትን የመስመር ቁጥር የሚሰጠው «ፎርማት ኤረር ባክትሬስ» ስለሆነ እሱንም መዝግቡ። የመያዣው የመጨረሻ መስመር ብቻውን የቆመ «ሬይዝ» ነው።

6. ሆን ብላችሁ አበላሹት። የሌለ ላኪ፣ ከዚያም የሌለ ተቀባይ ስጡት። ዴድሎክ ለማየት በሁለት ሴሽን (የዳታቤዝ ግንኙነት) ሁለቱን ሂሳቦች በተቃራኒ ቅደም ተከተል አዘምኑ። በየሙከራው ቀሪ ሂሳቦቹ እንደነበሩ መሆናቸውን፣ የመዝገቡ ረድፍ ከሮልባክ በኋላም መኖሩን፣ ጠሪውም የስህተቱን ቁጥር መቀበሉን ተመልከቱ።