ቁልፉን በጨለማ ፈልጉት

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነበር። እግሬን ከአልጋ ሳወርድ ውሃ ረገጥኩ። መብራት ጠፍቷል። እናቴ ከወዲያኛው ክፍል ስሜን ትጠራለች። ልጄ አንገቴ ላይ ተጠምጥሟል። የበሩ ቁልፍ ግን የለም። ጠረጴዛውን በዳበሳ ፈተሽኩ፣ ሶፋውን ፈተሽኩ፣ ቦርሳዬን ዘረገፍኩ። ፍለጋውን ስጀምር ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነበር፤ ጉልበቴ ጋ ሲደርስም ቁልፉ አልተገኘም። በነጋታው ኮቴ ኪስ ውስጥ አገኘሁት።

እቃ አጥቼ አይደለም። ባትሪ ገዝቻለሁ፣ የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ ሳጥንም ነበረኝ። ሁለቱም ቁም ሳጥኑ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ፣ ውሃ ስር ነበሩ። ስለዚህ ለጎርፍና ለሌላ ድንገተኛ አደጋ ስለመዘጋጀት የምሰጠውን ምክር ከሸመታ አልጀምርም።

ዛሬ ማታ ቤቱን መብራት አጥፉበት። ሁሉም ሰው አልጋው ላይ ይተኛ። ከዚያ «ውጡ!» በሉና ሰዓት ያዙ። የመጨረሻው ሰው ከደጅ እስኪወጣ ቁጠሩ። እኛ መጀመሪያ ስንሞክረው 6 ደቂቃ ፈጀብን። ሁለቱን ደቂቃ የበላው የእናቴ ጫማ ነው። አሁን ጫማዋ በፌስታል ተቋጥሮ ከአልጋዋ እግር ጋር ታስሯል። የመሬት መንቀጥቀጥ ባለበት አካባቢ ደግሞ ይሄ የግድ ነው፤ ወለሉ በመስታወት ስብርባሪ ይሞላልና። ቁልፉ ከበሩ አጠገብ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። የ8 ዓመት ልጄ እጅ ይደርስበታል፤ ከውጭ በመስኮት እጅ የሚሰድ ሌባ ግን አይደርስበትም። በሦስተኛው ሙከራ ከ2 ደቂቃ በታች ወጣን። ልጁ «እንደገና እንሞክር!» ሲል እናቴ ተቆጣችው፤ ቢሆንም ደግመነዋል።

ከወጣችሁ በኋላ የት እንደምትገናኙ ቀድማችሁ ተስማሙ። አንዱ ቦታ ደጃፍ አካባቢ፣ ሌላው ራቅ ያለ ይሁን። ሌላ ከተማ የሚኖር አንድ ዘመድም ምረጡ፤ ብትለያዩ ሁላችሁም ለእሱ ትደውላላችሁ። ስልኩ አልሄድ ካለ አጭር መልእክት ላኩ፤ ጥሪ በተጨናነቀበት ሰዓት መልእክት ብዙ ጊዜ ያልፋል። ቁጥሩን ልጆች በቃላቸው ይያዙት። ስልካችሁ ባትሪ ሲዘጋ ያወቃችሁት ቁጥር ሁሉ አብሮት ይዘጋል።

ወደ ውሃ ልምጣ፤ ሰው ቶሎ የሚቸገረው በእሱ ነው። ለመጠጥና ለዋና ዋና ነገር ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ገደማ አስቡ፤ ቢያንስ ለ3 ቀን። እኛ ሦስት ነን፤ 36 ሊትር ይሆናል። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃናል ማለት ነው። ያጠራቀማችሁት ቢያልቅና ያገኛችሁትን ውሃ ብትጠራጠሩ አፍሉት። ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ ይቆይ፤ ከባህር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ከሆናችሁ 3 ደቂቃ። ማገዶም ጋዝም ከሌለ ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት በረኪና ይረዳል። በውስጡ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት (ጀርም ገዳዩ ንጥረ ነገር) ከ5 እስከ 6 በመቶ ከሆነ ለ1 ሊትር ንጹህ መልክ ላለው ውሃ 2 ጠብታ አድርጉ፣ አማስሉ፣ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ውሃው ከደፈረሰ መጀመሪያ በንጹህ ጨርቅ አጥልሉት፣ ከዚያ 4 ጠብታ። ነዳጅ ወይም ኬሚካል የገባበትን ውሃ ግን ማፍላትም በረኪናም አያድነውም። አትጠጡት።

ቦርሳው ቀላል ነው። ባትሪ ድንጋይ፣ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ ሬዲዮ፣ ፊሽካ፣ ሳይበስል የሚበላ ነገር፣ ጥሬ ገንዘብ፣ በላስቲክ የታሸገ የሰነድ ቅጂ። እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ስለምትወስድ የአንድ ሳምንት መጠባበቂያ አለን፤ ቀኑ ሳያልፍበት በአዲስ እንተካዋለን። ቦርሳውን ከፍ ያለ ቦታ ስቀሉት፤ እኔን ያየ መሳቢያ ውስጥ አያስቀምጥም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። መብራት ሲጠፋና ብርድ ሲበረታ የከሰል ምድጃ ወደ ቤት አታስገቡ። ጄኔሬተርም እንደዚያው፤ ከቤት ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ይቀመጥ። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ሰው እንቅልፍ የወሰደው እየመሰለው ይሞታል። ከአደጋው ተርፎ በዚህ መሞት ያንገበግባል።

የቀረውን ባጭሩ ልበል። መሬት ሲንቀጠቀጥ አትሩጡ፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ስር ገብታችሁ ራስና አንገታችሁን ሸፍኑ፣ የጠረጴዛውን እግር ያዙ። ጋዝ ከሸተታችሁ ማብሪያ ማጥፊያውን አትንኩ፤ ውጡ፣ ከዚያ ደውሉ። የሚወርድ ጎርፍ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆንም አዋቂ ሰው ይጥላል፣ 30 ሲሆን ትንሽ መኪና ይወስዳል። ስለዚህ «እሻገረዋለሁ» አትበሉ።

ያን ሌሊት በራችንን ከውጭ ፈንቅሎ ያወጣን ጎረቤት ነው። ሌላም ቦታ እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የጃፓኗ ኮቤ ገና ሳይነጋ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ፣ ከፍርስራሽ ስር በሕይወት ከወጡት ሰዎች አብዛኞቹን ያወጧቸው ቤተሰብና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። የአደጋ ሠራተኛ እስኪደርስ ያለው ሰው ጎረቤት ነው።

እኔ በኋላ ደብተር ይዤ በር ለበር ዞርኩ። ስንት ሰው አለ? መራመድ የማይችል ማን ነው? ነርስ አለ? መሰላልስ የማን ቤት ይገኛል? ከእኛ አራተኛው ቤት የሚኖሩ አዛውንት ጆሯቸው እንደማይሰማ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ስድስት ዓመት ጎረቤታሞች ነበርን። ፊሽካ ብንነፋ አይሰሙም። አሁን መለዋወጫ ቁልፋቸው አጠገባቸው ያለው ቤት ነው፤ እነሱ ከሌሉ እኔ አለሁ።

ሽማግሌዎችን ስትጠይቁ ስለ ድሮውም ጠይቁ። በኢንዶኔዥያ የሲሙሉ ደሴት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1907 የደረሰውን የባህር ማዕበል ለልጅ ልጆቻቸው ሲያወሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 መሬቱ ሲናወጥና ባህሩ ሲሸሽ ሁሉም ወደ ኮረብታ ሮጠ። እዚያ የሞቱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

እኛም የሰፈሩን ሁሉ መገናኛ ቦታ መርጠን ነበር፤ ታችኛው ሜዳ፣ ሰፊና ቅርብ። ለአዛውንቱ በወረቀት ጽፌ አሳየኋቸው። አንብበው «አይሆንም» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። እጄን ይዘው ሜዳው ዳር ወዳለው የግንብ አጥር ወሰዱኝና መዳፋቸውን ከደረታቸው ከፍ አድርገው ግንቡ ላይ አሳረፉ። «ያኔ ልጅ ሳለሁ እዚህ ድረስ ነው የመጣው» አሉኝ። በዚያው ሳምንት መገናኛችንን ወደ ላይኛው መንገድ ቀየርነው።