ቆጣሪውን ከመስደባችሁ በፊት

ቧንቧ ጥገና ከጀመርኩ ጀምሮ «ቆጣሪው ተበላሽቷል» የሚለውን ያህል የሰለቸኝ ቃል የለም። ቆጣሪ አይበላሽም አልልም። ግን የውሃ ቢል አስደንግጧቸው የጠሩኝ ሰዎች ዘንድ ስሄድ፣ ጥፋቱን የማገኘው አብዛኛውን ጊዜ ቤት ውስጥ ነው። ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ዝም ያለ ሽንት ቤት ደህና ነው ብሎ ማሰብ። ይሄን ስንቴ ልናገር? የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ጠብ ጠብ ሲል እንቅልፍ ስለሚነሳ ሰው ቶሎ ይጠራኛል። የሽንት ቤቱ ውሃ ሳጥን ግን ውስጡ ያለው ጎማ ሲያረጅ ውሃው በመቀመጫው ግድግዳ ላይ እንደ ላብ ሹልክ እያለ ይወርዳል። አይሰማም፣ ወለል አያረጥብም። በ5 ደቂቃ 1 ሊትር ብቻ ቢያፈስ በቀን 288 ሊትር ነው። በ30 ቀን ከ8 ሜትር ኩብ ተኩል ያልፋል! መፈተሻው ደግሞ የልጅ ሥራ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ የምግብ ቀለም ጠብ አድርጉና ግማሽ ሰዓት ውሃውን ሳትለቁ ቆዩ። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ጎማው አልቆለታል፤ ቀይሩት። አንድ ደንበኛዬ ቢሉ በናረ ቁጥር «ሻወር ታበዛላችሁ» እያለ ልጆቹን ሦስት ወር ሙሉ ሲቆጣ ከረመ። ጥፋተኛው ሽንት ቤቱ ነበር። ልጆቹን ይቅርታ መጠየቁን እንጃ።

ሳጥኑ ውስጥ ጡብ መክተት። ውሃ ለመቆጠብ ተብሎ ነው። ጡቡ ይፈረፈርና ፍርፋሪው ጎማው ሥር ይገባል፤ ከዚያ ማፍሰስ ይጀምራል። የግድ ካላችሁ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል።

የሚያንጠባጥብ ቧንቧን በጉልበት ማጥበቅ። ጎማውን ትጨርሱታላችሁ እንጂ አይቆምም።

«ትንሽ ውሃ ናት» ማለት። ታሪፉ በደረጃ ከሆነ፣ አጠቃቀማችሁ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋም ይወጣል። የሚፈሰው ውሃ ከዋናው አጠቃቀማችሁ በላይ ስለሚደመር የምትከፍሉበት በውዱ ደረጃ ነው። የብዙ ወር ንባብ በአንድ ቢል ሲቆለልም እንዲሁ ወደ ላይ ሊገፋችሁ ይችላል። ስለዚህ ቢሉ ላይ ያለውን ቁጥር ወጥታችሁ ከቆጣሪው ጋር አስተያዩት።

ቆጣሪ አለማንበብ። ብዙውን ጊዜ ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሜትር ኩብ ናቸው፤ አንዱ 1000 ሊትር ማለት ነው። ቀዮቹ ከዚያ በታች ያለውን ያሳያሉ። ብዙ ቆጣሪ ላይ ደግሞ የምትሽከረከር ትንሽ ኮከብ ወይም ሦስት ማዕዘን አለች። ቤት ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉና እሷን እዩ። ከዞረች ውሃ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። ቀጥሎ ወደ ቤት የሚገባበትን ዋና መዝጊያ ዝጉ። ከቆመች ችግሩ ከመዝጊያው ወዲህ፣ በቤቱ በኩል ነው። አሁንም ከዞረች በቆጣሪውና በመዝጊያው መካከል ያለውን መስመር ጠርጥሩ።

ታንከር ካላችሁ ግን መጀመሪያ ሞልቶ ማቆሙን አረጋግጡ። ይሄን የምለው ደርሶብኝ ነው። ጀማሪ ሳለሁ ኮከቧ ስትዞር አየሁና፣ መዝጊያውን እንኳ ሳልዘጋ «መስመሩ መሬት ውስጥ ፈንድቷል» ብዬ ግማሽ ግቢ አስቆፈርኩ። ለካ ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር እየሞላ ነው። የቤቱ እመቤት ዛሬም ሲጠሩኝ «ዶማውን ቤትህ ተወው» ይሉኛል።