በታብሌት ፊደል ስትጽፉና ስትስሉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ ዓመት ሲቃረብ ቴሌግራሙም ፌስቡኩም «መልካም አዲስ ዓመት» በሚሉ ሥራዎች ይሞላል። አደይ አበባው ያምራል፣ ቀለሙ ይስባል። ጽሑፉ ላይ ስትደርሱ ግን ዓይናችሁ ይደናቀፋል። አንዱ እግር ያለ ቦታው ረዝሟል፣ የሌላው ቀለበት ጠፍቷል። ይህ የሚሆነው ሠዓሊው እጅ ስለሌለው አይደለም። የታብሌቱ ብራሾችም ሆኑ የምናያቸው የቪዲዮ ትምህርቶች በአብዛኛው ለላቲን ፊደል የተዘጋጁ ናቸው። እኛ ደግሞ እንዳሉ እንወስዳቸዋለን። ፊደላችን ግን የራሱ ጠባይ አለው።

የምጽፈው ሌየርና ብራሽ ለምታውቁ ሰዎች ነው። ምሳሌዎቼ ከአይፓድና በእሱ ላይ ከሚሠራው የሥዕል መተግበሪያ ከፕሮክሪኤት ናቸው፤ በሌላ ታብሌት የምትሠሩም አብዛኛው ይጠቅማችኋል።

ለጌጥ ብሎ እግር ማስረዘም

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ላቲን ላይ የፊደሉን ጭራ እንደፈለጋችሁ ብትጎትቱት ፊደሉ ያው ነው። እኛ ጋ ግን እግሩ ራሱ ድምፅ ነው። የ«በ» ሁለት እግሮች እኩል ናቸው። የቀኙን ስታስረዝሙት «ባ» ይሆናል። የግራውን ስታስረዝሙት ደግሞ «ቦ»። «ሰላም» ብላችሁ ጽፋችሁ የ«ሰ»ን ቀኝ እግር ለማሳመር ወደ ታች ካወረዳችሁት፣ አንባቢ «ሳላም» ብሎ ነው የሚያነበው። የ«አዲስ»ን የመጀመሪያ ፊደል በግራ በኩል ካስረዘማችሁት «ኦዲስ» ሆኖ ቁጭ ይላል። «ተ» እና «ቀ» አንድ እግር ብቻ ስላላቸው ነፃ ይመስላሉ። እነሱም ቢሆኑ የእግራቸው ጫፍ ወደ ግራ ሲታጠፍ «ታ» እና «ቃ» ናቸው።

ካዕብና ሣልስ ላይም ተጠንቀቁ። የ«ቡ» ቅጥያ ከጎኑ መሃል ላይ ነው፣ የ«ቢ» ደግሞ ከእግሩ ሥር። ለውበት ብላችሁ ቅጥያውን በሁለቱ መካከል ካስቀመጣችሁት አንባቢው ይቸገራል። የኃምስ ቀለበትም ወፍራም በሆነ ብራሽ ሲሠራ ውስጡ ይደፈናል። ሥራው በስልክ ላይ ሲያንስ «ቤ» የነበረው «ቢ» ይመስላል። ስለዚህ የቀለበቱን ቀዳዳ ከሚመስላችሁ በላይ ሰፋ አድርጉት።

ታዲያ ጌጡ የት ይግባ? ጥሩው መንገድ ይህ ነው። ቃሉን በቀጭን መስመር ጻፉ። ከጎኑ የእያንዳንዱን ፊደል ሰባት ቤት ደርድሩ። ፊደሉን ከወንድሞቹ የሚለየው የትኛው ክፍል እንደሆነ በሌላ ቀለም ምልክት አድርጉበት። ያንን ክፍል አትንኩት። በተረፈው፣ በአናቱ፣ በውፍረቱ፣ በውስጡ፣ እንደልባችሁ መጫወት ትችላላችሁ።

የብራና መጻሕፍትን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ቁም ጸሐፊዎቹ ፊደሉን ንጹሕ አድርገው ይተዉና ጌጡን ወደ ሐረግ ይወስዱታል። ሐረጉ በገጹ አናትና በጎን ይሳላል፤ ለይተው ማክበር የሚፈልጉትን ስም ደግሞ በቀይ ቀለም ይጽፉታል። ይህ አሠራር ለታብሌትም በጣም የሚመች ነው። ሐረጉን በሌላ ሌየር ላይ አድርጉት። የፕሮክሪኤትን ሲሜትሪ ከከፈታችሁ ግማሹን ስትስሉ ሌላው ግማሽ አብሮ ይሠራል።

በግፊት የሚወፍር ብራሽ መምረጥ

አብዛኛው የካሊግራፊ ብራሽ ስትጫኑት ይወፍራል፣ ስታለዝቡት ይቀጥናል። ያ የላቲን ሹል ብዕር ሥራ ነው። የእኛ ቁም ጽሕፈት የመጣው ከመቃ ብዕር ነው። ጫፉ ጠፍጣፋ ተደርጎ ይቆረጣል፣ ውፍረቱን የሚወስነውም ብዕሩ የሚያዝበት አቅጣጫ ነው። ለዚህ ነው ቁመቱ ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን የሚሆነው። በግፊት ከሠራችሁት አንዱ እግር ይወፍራል፣ ሌላው ይከሳል፤ ፊደሉ ያነክሳል።

መፍትሔው ጠፍጣፋ ቅርጽ ያለው ብራሽ መርጦ በብራሽ ስቱዲዮ ውስጥ ማስተካከል ነው። ግፊት መጠኑን እንዳይቀይር ዜሮ አድርጉት። የቅርጹ ዙረት መስመሩን እንዳይከተልም አንድ ቦታ ላይ አቁሙት። አፕል ፔንስል ፕሮ ካላችሁ ብዕሩን በጣታችሁ ስታዞሩት ብራሹም አብሮ እንዲዞር ማድረግ ትችላላችሁ፤ ለዚህ ሥራ ትልቅ ጥቅም አለው። እስክሪብቶ ልትገዙ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በ2023 የወጣው ባለ ዩኤስቢ ሲው አፕል ፔንስል ግፊት አይለይም። ለጠፍጣፋ ብራሽ አያስቸግርም፤ ሥዕል ስታጠቁሩ ግን እጃችሁን ያስራል።

ስትሪምላይንን እስከ ጫፍ መክፈት

ይህ የብራሽ ማስተካከያ እጅ ሲንቀጠቀጥ መስመሩን ያለሰልሳል፤ ሁላችንም እንወደዋለን። ሲበዛ ግን ማዕዘኑን ሁሉ ያሞላልጠዋል። ፊደላችን ደግሞ ማዕዘን ይወዳል። ለረጅም የሐረግ ጥምዝ ከፍ አድርጉት፣ ለፊደሉ ዝቅ አድርጉት።

በፊደል መካከል እኩል ርቀት መለካት

«ጨ» ሰፊ ነው፣ «ር» ጠባብ ነው። በመስመሪያ የተለካ እኩል ክፍተት ለዓይን እኩል አይሆንም። ሁለት ቀጥ ያሉ እግሮች ጎን ለጎን ሲሆኑ ራቅ ይበሉ። ክብ ወይም ክፍት ጎን ያላቸው ሲገናኙ ቀረብ ይበሉ። ካንቫሱን አግድም ገልብጣችሁ እዩት። ዓይናችሁ ቃሉን ማንበብ ሲያቆም ቀዳዳው የት እንዳለ ወዲያው ይታያችኋል።

ሥዕሉን ጨርሶ ጽሑፍ መለጠፍ

ሥዕሉ ሲያልቅ ቦታ የሚፈለግለት ጽሑፍ ሁልጊዜ እንግዳ ይመስላል። የመጀመሪያው ንድፍ ላይ ሁለቱንም አብራችሁ አስቀምጡ። አበባየሆሽ የሚጨፍሩ ልጆችን የምትስሉ ከሆነ የያዙት አደይ ወደ ጽሑፉ ያዘንብል፣ የጽሑፉ ቀለም ከቀሚሳቸው ጥለት ይምጣ። ብርሃኑ ከቀኝ ከሆነ ለፊደሉም ከቀኝ ይሁን።

እዚህ ላይ ስለ ልጆቹ ፊት አንድ ነገር ልበል፤ ያሳዝነኛልና። ጠይም ቆዳን በጥቁር ብቻ ማጥቆር ፊቱን አመድ ያስመስለዋል። ጥላው ወደ ቀይ የሚያደላ ጥልቅ ቡናማ ይሁን። ብርሃን የሚያርፍበት ጉንጭና ግንባር ላይ ደግሞ የሰማዩን ወይም የልብሱን ቀለም ትንሽ ጣል አድርጉበት። ያኔ ፊቱ ሕይወት ይዘራል።

ቴክስቸርን ፊደሉ ላይ በቀጥታ መቀባት

ቀለሙ ከተሳለው ውጭ እንዳይወጣ የሚቆልፈው አልፋ ሎክ ፈጣን ነው፤ ግን የቀባችሁት ከፊደሉ ጋር አንድ ይሆናል። ነገ ደንበኛው «ወርቃማው ይቅርና አረንጓዴ ይሁን» ሲል እንደገና መጀመራችሁ ነው። ክሊፒንግ ማስክ ተጠቀሙ፤ የላይኛው ሌየር በሥሩ ካለው ፊደል ቅርጽ ውጭ አይታይም። ፊደሉ በሥሩ ሳይነካ ይቀመጣል፣ ጥላውና ወርቁ ከላይ በየራሳቸው ሌየር ይሆናሉ።

በትንሽ ካንቫስ መጀመር

ፕሮክሪኤት የሚሠራው በፒክስል ነው። 1080 በ1080 የሆነ ካሬ ለኢንስታግራም ይበቃል፤ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም ግን ጎኑ 9 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለፖስተር ከሆነ በኤ3 ልክ፣ 3508 በ4961 ክፈቱ። ካንቫሱ ሲተልቅ የሌየር ቁጥር እንደሚቀንስ አትርሱ። ሎጎ ወይም የሱቅ ታፔላ ከሆነማ የመጨረሻውን ሥራ በቬክተር ፕሮግራም ላይ እንደገና ሥሩት፤ የቱንም ያህል ቢተልቅ ጠርዙ አይበላሽም። ፊደሉን ደጋግሞ ማሳነስና ማተለቅም በየጊዜው ጥራት ይቀንሳል። አንዴ ለክታችሁ አንዴ ቀይሩ።

ቀለሙን ማተሚያ ቤት ደርሶ ማሰብ

በስክሪን ላይ የሚያበራው የአደይ ቢጫና ደማቁ አረንጓዴ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል። ሥራው የሚታተም ከሆነ ካንቫሱን ስትከፍቱ ነው የማተሚያውን የቀለም ዓይነት ሲኤምዋይኬን የምትመርጡት። በስክሪኑ የቀለም ዓይነት በአርጂቢ የተከፈተን ካንቫስ ፕሮክሪኤት ውስጥ በኋላ ወደ ሲኤምዋይኬ መቀየር አይቻልም። ብዙ ኮፒ ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ቅጂ አሳትማችሁ በቀን ብርሃን እዩት።

ሳያስነብቡ ማስረከብ

የራሳችሁን ጽሑፍ በትክክል ማንበብ አትችሉም፤ ምን እንደሚል አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። ሥራውን በቴምብር ልክ አሳንሳችሁ ምንም ሳትነግሩት ለሌላ ሰው አሳዩት። ካመነታ የትኛው ፊደል ላይ እንደቆመ ጠይቁት። ደንበኛው «ዓመት» ነው ወይስ «አመት» የሚፈልገው? ይህንንም ቀለም ከመግባቱ በፊት ጨርሱት።

አይፓዱ ላይ ብቻ መተው

ፕሮክሪኤትን ከአይፓዱ ላይ ካጠፋችሁት ሥራዎቻችሁም አብረውት ይጠፋሉ። አይፓዱ ቢሰረቅ ወይም ቢሰበርም ያው ነው። ሌየሮቹ እንዲቆዩ ፋይሉን በፕሮክሪኤት ፎርማት አውጡትና ፍላሽ፣ ኮምፒውተር ወይም ጉግል ድራይቭ ላይ አስቀምጡት። ጄፔግ ብቻ ካስቀራችሁ የሚተርፋችሁ አንድ የተጣበቀ ምስል ነው፤ ለከርሞ ዓመተ ምሕረቱን ለመቀየር እንኳ አትችሉም።