አሮጌው ኮምፒውተር ይጠገን ወይስ ይቀየር?

የቤት ኮምፒውተር ሲደክም አንዱ «ፎርማት አስደርገው» ይላል፣ ሌላው «ጣለውና ሌላ ግዛ»። የትኛው እንደሚያዋጣ የሚታወቀው ግን ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ሲለይ ነው።

ለመነሳት ብዙ ደቂቃ ይፈጃል፣ ሀንግ ያደርጋል

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ምንም ሳትሠሩ ዲስኩ 100% ላይ ተሰክቶ ከቆየ፣ ብዙውን ጊዜ የደከመው ሃርድ ዲስኩ ነው። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ስላለው ቀርፋፋ ነው፤ ዕድሜ ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል። ፎርማት ለትንሽ ጊዜ ቀለል ያደርገዋል እንጂ ዲስኩን አያድሰውም። መፍትሄው ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ፈጣን ዲስክ) ማስገባት ነው፤ ለአሮጌ ኮምፒውተር ከዚህ የተሻለ ወጪ አላውቅም። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ግን ከሁሉም በፊት ፎቶና ሰነዶቻችሁን ገልብጡ።

ታስክ ማናጀር ላይ ዲስኩ ደህና ሆኖ ሜሞሪው ከሞላ፣ ችግሩ ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ ለጊዜው የሚጠቀምበት ሜሞሪ) ነው። 4 ጊጋ ለዛሬ ብሮውዘር አይበቃም፣ ወደ 8 አሳድጉት። ራሙ ዲዲአር3 የሚባለው የድሮው ዓይነት ከሆነ አዲስ አትግዙለት፣ ዩዝድ ይበቃዋል። ምክንያቱም ነገ ከሱ በኋላ የመጣውን ዲዲአር4 የሚጠቀም ኮምፒውተር ብትገዙ አይገባበትም። ኤስኤስዲው ግን ብዙ ጊዜ ወደሚቀጥለው ማሽን ይሻገራል፣ ባይሻገር እንኳ በዩኤስቢ ኬዝ ውስጥ ሆኖ እንደ ፍላሽ ያገለግላል።

ይሞቃል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ድንገት ይጠፋል

ብዙውን ጊዜ አቧራ ነው፣ ወይም ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደርቋል። አስጠርጉት፣ ፔስቱንም አስቀይሩ።

መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል

ይሄ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ቀኑ ስለሚዛባ ድረ ገጾች «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም፣ ባለቤቱም ቫይረስ ይመስለዋል። ጥፋቱ ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ናት። ሲአር2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። ቀይሯት፣ ቀኑን አስተካክሉ፣ አለቀ።

ዊንዶውስ 11 አይቀበልም

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በአብዛኛው ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው የሚቀበለው። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ብቻ ከሆነ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባል ሲስተም በነፃ ይጫናል። ዩዝድ ስትገዙ ሻጩ «ኮር አይ 5 ነው» ቢላችሁ አይበቃም። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ፦ 6200 ከሆነ 6ኛ ትውልድ ነው፣ 8250 ከሆነ 8ኛ፣ 10210 ከሆነ 10ኛ።

ማዘርቦርዱ ሄዷል

እዚህ ላይ አቁሙ። ለአሮጌ ማሽን ማዘርቦርድ መግዛት አያዋጣም።

ሂሳቡ

ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ የምሰጣችሁ ቁጥር ለምሳሌ ብቻ ነው፣ ሱቅ የነገሯችሁን ተኩበት። ጥገናው 12,000 ብር ቢፈጅና 2 ዓመት ቢያስኬድ፣ በዓመት 6,000 ብር ነው። ዩዝድ ላፕቶፕ በ45,000 ገዝታችሁ 5 ዓመት ብትሠሩበትና በ10,000 ብትሸጡት፣ በዓመት 7,000 ይመጣል። ጥገናው በትንሹ ይረክሳል። ዓመት ሳይሞላው ሌላ ነገር ከተበላሸ ግን ሂሳቡ ይገለበጣል። ስለዚህ ጠጋኙን «ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ከዚህ በኋላ ምኑ ሊሄድ ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁት።

መብራትም ይታሰብ። ከነስክሪኑ 120 ዋት የሚበላ ዴስክቶፕና 40 ዋት የሚበላ ላፕቶፕ በቀን 5 ሰዓት ቢሠሩ፣ ልዩነቱ በዓመት 146 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ለዴስክቶፕ ስታብላይዘር ወይም ዩፒኤስ መግዛት ካለባችሁ እሱንም ደምሩ፤ ላፕቶፕ መብራት ሲጠፋ የራሱ ባትሪ አለው። የዩዝድ ላፕቶፕ ባትሪ ግን ሊደክም ስለሚችል፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ቻርጀሩን ነቅላችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ሥሩበት። አሮጌውን ስትሸጡ ደግሞ ዲስኩን አውጥታችሁ አስቀሩት።