የትራያል ብስክሌት፦ የኋላ ሞዞ አመራረጥና አንዴ የሚጠብቅ አንዴ የሚላላ ካቴና ማስተካከያ

ትራያል ኮርቻ የሌለው የውድድር ብስክሌት ነው። ጋላቢው በኋላ ጎማው ብቻ ቆሞ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ይዘላል። ለመዝለል ፔዳሉን ሲረግጥ የሰውነቱን ጫና የሚሸከመው ካቴናው ነው፤ በዚያች ቅጽበት ካቴናው ከወጣ ወይም ከተበጠሰ ሰውየው ይደፋል። ስለዚህ እዚህ ጋ መቆጠብም መቸኮልም አያዋጣም።

መጀመሪያ ሞዞውን፣ ማለትም የጎማውን መሃል (ሀብ)፣ እንምረጥ። ከብራንድ በፊት ፍሪዊላችሁ (ወደ ፊት ሲረገጥ የሚይዘው፣ ወደ ኋላ ሲዞር የሚለቀው ክፍል) የት እንዳለ እዩ። ከፊት ፔዳሉ ጋር ከሆነ፣ የሚያስፈልጋችሁ ውስጡ ፍሪዊል የሌለው ቀላል ሞዞ ነው። ቀለል ይላል፣ ዋጋውም ይሻላል፣ የሚበላሽ ነገሩም ጥቂት ነው። ግን ጎማው በዞረ ቁጥር ካቴናው አብሮ ስለሚዞር ጣታችሁንና የሱሪያችሁን ጫፍ ጠብቁ። ፍሪዊሉ ሞዞው ውስጥ ከሆነ ደግሞ ቶሎ የሚነክስ ምረጡ። ለምሳሌ የክሪስ ኪንግ ሞዞ በአንድ ዙር 72 ቦታ ላይ ይይዛል፤ ቢበዛ 5 ዲግሪ ሄዶ ነከሰ ማለት ነው። በአንድ ጎማ ለቆመ ሰው ይቺ ትንሽ ክፍተት ትልቅ ነገር ናት።

ከመግዛታችሁ በፊት የቴላዮውን (የብስክሌቱን አካል) የኋላ ክፍተት፣ ሞዞው የሚገባበትን፣ በሜትሮ ለኩ። ባለ 20 ኢንቹ አብዛኛውን ጊዜ 116 ሚሊሜትር፣ ባለ 26ቱ 135 ነው። የራጂ (የጎማው ሽቦዎች) ቀዳዳው ቁጥር ከቸርኬያችሁ ጋር ይግጠም። ዲስክ ፍሬን ካላችሁ የዲስክ ማሰሪያ ያለው ይሁን።

አሁን ወደ ካቴናው። ብዙ ሰው ካቴናው ላልቶ ሲያየው እዚያው ያጠብቀዋል። እንዲህ አይደረግም። የሚጠብቅበት ቦታ ላይ ሲደርስ ከመጠን በላይ ተወጥሮ ኩሽኔታውን ይበላል።

ብስክሌቱን ገልብጡና ፔዳሉን በዝግታ እያዞራችሁ የካቴናውን መሃል በጣት ጫን ጫን አድርጉ። በጣም የጠበቀበት ቦታ ላይ ቁሙ። ከፊትም ከኋላም ላይ በኩል ያለውን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ማዞሩን ቀጥሉ። የፊቱ ምልክት ላይ በደረሰ ቁጥር ከጠበቀ ችግሩ የፊቱ ጥርስ (ካቴናው የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ) ነው፣ የኋላው ምልክት ላይ ከሆነ የኋላው ነው። ከፊት 18 ከኋላ 12 ጥርስ ካላችሁ የፊቱ 2 ጊዜ ሲዞር የኋላው 3 ጊዜ ስለሚዞር ሁለቱን መለየት አይከብድም፤ ብቻ ደጋግማችሁ አዙሩ። ከሁለቱም ጋር የማይገጥምና ከስንት አንዴ የሚመጣ ከሆነ ካቴናውን ጠርጥሩ፣ ምናልባት የደረቀ መጋጠሚያ አለው።

ፍሪዊሉ ከፊት ለሆነላችሁ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። ፔዳሉን ያዙትና ጎማውን ብቻ ወደ ፊት አዙሩ። ውጥረቱ እኩል ሆኖ ፔዳል ስትረግጡ ብቻ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ጥርሱ ደህና ነው። የጠመመው ፍሪዊሉ የተጠመዘዘበት የብሎን ጥርስ ወይም መሃሉ ያለው ፔርኖ (ዘንግ) ነው። ፍሪዊሉን ፍቱት፣ የብሎኑን ጥርስ በብሩሽ አጽዱ፣ ግራሶ ቀቡና መልሳችሁ አጥብቁ። አሁንም ከቀጠለ ዕቃውን መቀየር ነው።

የፊቱ ጥርስ በብሎን የታሰረ ከሆነ ይቀላል። ብሎኖቹን ትንሽ አላሉ፣ ጠበቅ ባለው ቦታ ላይ ካቴናውን በመዶሻ እጀታ ቀስ ብላችሁ ምቱት፣ ጥርሱ ራሱ ወደ መሃል ይጠጋል። ከዚያ ብሎኖቹን ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቃችሁ አጥብቁ።

ካቴናውንም ለኩት። አዲስ ሲሆን ከአንድ ፒን ተነስታችሁ ቀጥሎ ያሉትን 24 ፒኖች ስትቆጥሩ እስከ መጨረሻው ያለው ርቀት 304.8 ሚሊሜትር ነው። 306.5 አካባቢ ከደረሰ ጣሉት።

ውጥረቱን የምታስተካክሉት በጣም በጠበቀው ቦታ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ካቴናው ወደ ላይና ወደ ታች 1 ሴንቲሜትር ያህል ይወዛወዝ። ግራና ቀኝ ያሉትን መወጠሪያዎች እኩል አድርጉ፣ ጎማው መሃል ላይ መሆኑን አረጋግጡ፣ ዳዶዎቹን አጥብቁና እንደገና ደጋግማችሁ አዙሩ። ትንሽ ልዩነት ቢቀር ችግር የለውም። በላላበት ቦታ በጣት ገፋ ስታደርጉት ከጥርሱ የሚወጣ ከሆነ ግን እንዳትጋልቡት።